እድር ለሞት ነው፤ ለሕመምስ ማን ይድረስ?

አገራችን ሰው በመቅበር አትታማም። በደብረ ታቦር ከተማም ሆነ በጉና ተራራ ግርጌ ባሉት መንደሮች አንድ ሰው ያረፈ እንደ ሆነ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንዱ መቃብር ይቈፍራል፤ ሴቷ እንጀራና ወጧን ይዛ ትመጣለች፤ ኀዘንተኛው ቤተ ሰብ ለቀናት እሳት ሳያነድ ይበላል፤ ይጠጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እድር ነው። ሕዝባችን ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እያዋጣ፣ ሞት በማናቸውም ቀን ቢመጣ ሳይዋረድ የሚቀበልበትን ዘዴ ያበጀው ከውጭ አገር መምህር ተምሮ አይደለም።

ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ያ በክብር የተቀበረው ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ ሦስት ወር ታሞ ተኝቶ እንደ ነበር እናስብ። በዚያን ጊዜ ጡሩምባ የነፋለት ነበርን? ጎረቤት ጠይቆታል፤ ጠበልም ወስዶታል፤ ለሐኪምና ለመድኃኒት የሚከፈለው ገንዘብ ግን የቤቱ ዕዳ ነበር። መጀመሪያ በጉ ተሸጠ፤ ቀጥሎ ጊደሯ ተሸጠች፤ በመጨረሻም ወደ ገበያ የተነዳው የእርሻው በሬ ነው። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ደግሞ ክረምት በገባ ጊዜ ለማጣመር የሰው ደጅ ይጠናል፤ ወይም መሬቱን ለእኩል አርሶ ይሰጣል። እንግዲህ በሽተኛው ቢድን እንኳ የዳነው ሰውዬው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

ይህን ችግር ለማቃለል ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለው ሥርዓት በአገራችን በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመረጡ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስቱ ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና ፎገራ ነበሩ። ፎገራ ማለት ከደብረ ታቦር ወደ ጣና ሐይቅ ቍልቍል ሲወርዱ የሚያገኙት፣ ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ ነው፤ ከተማውም ወረታ ነው። ስለዚህ የደቡብ ጎንደር ሰው ስለዚህ ነገር በሩቅ የሰማ ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ የሞከረ ነው ማለት ይቻላል።

በሙከራው ጊዜ በአማራ ክልል የተወሰነው መዋጮ ለአንድ ሰው በወር 3 ብር ነበር። አራት ነፍስ ያለበት ቤት በዓመት 144 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ማዕከላዊው መንግሥትም ከራሱ ሣጥን የመዋጮውን አንድ አራተኛ ያህል ይጨምርበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒትም የሁሉም ነገር ዋጋ እየናረ ስለ ሄደ መዋጮው ከአንድ ጊዜ በላይ ከፍ ብሏል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሺሕ ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው 144 ብር ቢያዋጡ 144,000 ብር ይሰበሰባል። በዓመቱ ውስጥ ከነዚህ መካከል አንድ መቶው ቢታመሙና ለእያንዳንዱ 1,000 ብር ቢወጣ የሚወጣው 100,000 ብር ነው፤ ሣጥኑም አልጐደለም። አሁን ደግሞ ጤነኞቹ ዘጠኝ መቶ ቤተ ሰቦች «እኛ ምን ሆንን?» ብለው ሳይከፍሉ ቢቀሩስ? ከመቶዎቹ ሕመምተኞች የሚገኘው 14,400 ብር ብቻ ነው፤ ወጪው ግን ያው 100,000 ብር ነው። ሣጥኑ በሁለተኛው ወር ይራቈታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን የመድንን ትምህርት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

መድኑ ሕመምተኛውን ለብቻው መዝግቦ የማይቀበለው፣ መላው ቤተ ሰብ ይግባ የሚለውም ስለዚሁ ነው። አባትና እናት፣ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላቸውም ልጆች በአንድ መዋጮ ይገባሉ፤ ከዚያ በላይ ላለው ሰው ተጨማሪ ይከፈላል። መመዝገቢያውና መክፈያው ጊዜ የሚመረጠው ደግሞ አዝመራው ተሰብስቦ ገበሬው ገንዘብ በሚይዝበት ወራት ነው። ሆኖም ሰው ሁሉ ወዲያው አላመነም። በሙከራው ወረዳዎች እየዞሩ ቤተ ሰቦችን የጠየቁ ተመራማሪዎች በ2005 ዓ.ም. ከመቶው ቤት 48ቱ ያህል መግባቱን አገኙ። ግማሹ ገባ፤ ግማሹ ቆሞ ተመለከተ። ጤነኛ ሆኖ መክፈል ለብዙ ሰው ገንዘብን ወንዝ ውስጥ እንደ መጣል ይመስለዋልና።

«የሚከፍለውስ ይክፈል፤ ምንም የሌለው ምን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሥርዓቱ ይህን አልዘነጋም። በቀበሌው ሕዝብ ፊት የድኻ ድኻ ተብሎ የተመረጠው ሰው መዋጮውን የሚከፍሉለት ክልሉና ወረዳው ናቸው። ይህ መልካም ነው። ከባድ የሚሆነው በመካከል ላለው ሰው ነው፤ ይኸውም የድኻ ድኻ ተብሎ እንዳይጻፍ አንድ ላምና አንድ ቍራጭ መሬት ያለው፣ እንዲከፍል ደግሞ ገንዘቡ ሁሉ ለማዳበሪያና ለልጆች ደብተር ያለቀበት ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት አንድ መፍትሔ ያለው በገዛ ባህላችን ውስጥ ነው። እድርና እቁብ ሣጥን አላቸው፤ በመክፈያው ወር ለአባላቸው አበድረው ከአዝመራ በኋላ ጥቂት በጥቂት ቢቀበሉ፣ ለቀብሩ ብቻ ሳይሆን ለሕይወቱም ደረሱለት ማለት ነው።

አሁን መታወቂያውን የያዘ ሰው ታመመ እንበል። ወዴት ይሄዳል? ጕዞው የሚጀመረው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ሕመሙ ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ ከሆነ፣ ሰዉ ሪፈር የሚለውን የመላኪያ ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ከደብረ ታቦር ሆስፒታል በላይ ከሆነም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል። ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ ሰው በሙከራው ጊዜ በወጣው ደንብ የሕክምናውን ግማሽ ዋጋ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ብዙ ሰው በመድኑ የሚያዝነው ይህን ባለማወቅ ነው፤ ስለዚህ ያወቀ ላላወቀ ቢነግር ጽድቅ ነው።

ዳሩ ግን እውነቱን ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል። መታወቂያ በሽታ አያድንም፤ የሚያድነው መድኃኒት ነው። በየገጠሩ በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ሐኪሙ ከጻፈው ሦስት መድኃኒት ሁለቱ «የለም» ተባለ የሚል ነው። ደንቡ የመንግሥት ጤና ድርጅት ያጣውን መድኃኒት ከግል መድኃኒት ቤት ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ ይፈቅዳል። ነገር ግን አስቀድሞ ከፍሎ ደረሰኝ ይዞ ገንዘቡን መጠበቅ ለባለ ደመወዝ እንኳ ከባድ ሲሆን፣ የሚከፍለው ለሌለው ሰው በሩ እንደ ተዘጋ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ቢያስቀር አላዋቂ ነው ብለን ልንሰድበው አይገባም። ሒሳቡን አስልቶ ነው የቀረው። እርሱ ሲቀር ግን ሣጥኑ ይጐድላል፤ ሣጥኑ ሲጐድል መድኃኒቱ የባሰውን ይጠፋል። የመድኑ ሕይወትና ሞት ያለው በመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መድን ሁሉን አይከፍልም፤ የሚከፍለውና የማይከፍለው በዝርዝር የተጻፈ ነው። በሙከራው ጊዜ ውጭ አገር ሄዶ መታከም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከዝርዝሩ ውጭ ነበሩ። የጋራ ገንዘብ ወሰን ሊኖረው እንደሚገባ ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ጥርሱ ያለቀበት ሽማግሌ ቆሎ ሲቀርብለት የሚያዝነው ስለ መልኩ ነውን? ለአንዱ ጌጥ የሆነው ለሌላው ኑሮው ይሆናል። ይህ ክርክር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በአርጀንቲና፣ ለምሳሌ፣ ፆታቸውን በሕክምና ለመለወጥ የሚሹ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ሕክምና በመድን እንዲሸፈን በ2004 ዓ.ም. በሕግ ተደነገገ፤ በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ይኸው ሕክምና ገንዘብ ላለው ብቻ የተተወ ነው። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ሕዝብ ዝርዝሩን ማወቅና ስለ እርሱም መጠየቅ መብቱ ነው።

ከዝርዝር ሁሉ ውጭ የሚቀረው ደግሞ መንገዱ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መድኑ ግን የመኪናውን ኪራይም፣ የአስታማሚውን ማደሪያና ስንቅም አይከፍልም። በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የምትጐዳው ሴት ናት። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጥ ሳለ፣ ምጥ በሌሊት ጠንቶባት በቃሬዛ እስክትደርስ የሚዘገይባት እናት ለፌስቱላ ትጋለጣለች። በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የመሠረቱት ሆስፒታል፣ በባሕር ዳር ባለው ቅርንጫፉም ጭምር፣ እነዚህን ሴቶች በነጻ ያክማል። ይህ ታላቅ ምጽዋት ነው። ነገር ግን ምጽዋት የሚደርሰው ጕዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ መንገድና አምቡላንስ ግን አስቀድመው ይደርሳሉ።

ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ይፈርሳል። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በጋይንት በኩል ውጊያ በደረሰ ጊዜ የነፋስ መውጫ ከተማ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘረፉ፤ በዚያው ሰሞን የተደፈሩ ሴቶች በከተማቸው ሕክምና ማግኘት ተሳናቸው። መታወቂያ በእጅ ይዞ ባዶ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል።

አንባቢ ሆይ፣ «ይህ የገበሬ ጕዳይ ነው» ብለው ገጹን እንዳይገልጡት እለምናለሁ። ለባለ ደመወዝ የሚሆነው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቍጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3፣ አሠሪውም ከመቶ 3 እንዲያዋጡ ታሰበ። ሆኖም አዋጁ ከወጣ በኋላ ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ሳይጀመር ቆየ። ስለዚህ የፎገራ ገበሬ መታወቂያውን አውጥቶ ሲታከም፣ ልጁን የሚያስተምረው መምህር የሐኪም ቤቱን ሒሳብ ከወር ደመወዙ እየቀነሰ ሲከፍል ኖሯል። ፊደል የቈጠርን ሁሉ ቀድመን ደረስን ማለት አይደለም።

እንግዲህ ማድረግ የሚገባን ሁለት ነገር ነው። ጤነኛ ሳለን እንክፈል፤ ከከፈልን በኋላ ደግሞ ዝም አንበል። የቀበሌው ስብሰባ በተጠራ ቀን ገንዘቡ ስንት እንደ ገባ፣ የትኛው መድኃኒት እንደ ጠፋና ስለ ምን እንደ ጠፋ፣ የደረሰኙ ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ ተነሥተን እንጠይቅ። የእድር ዳኛ ሒሳቡን በአባላቱ ፊት እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ የመድኑም ሹም በሕዝብ ፊት ያቅርብ። ከፍሎ የሚጠይቅ ሰው በበዛበት ቀበሌ የመድኃኒቱ መደርደሪያ ባዶውን ብዙ ቀን አይቆምም።