ከራቤል ወደ ግሸን፤ የአንድ ተሳላሚ የቀን ጉዞ

ስለ ንግሥ በዓላት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ቦታው ታሪክና በበዓሉ ዕለት ስለሚሰበሰበው ሕዝብ ብዛት ነው። ይህ ሕዝብ ከየአገሩ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ማን እንደሚያስተናግደውና የት እንደሚያድር ግን እምብዛም አይመረመርም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከራቤል በእግሩ ተነሥቶ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚሄድ ተሳላሚ አንዱን ቀን እንዴት እንደሚያሳልፍ በቅደም ተከተል ለመግለጽ እንሞክራለን። ከዚህም ለማሳየት የምንፈልገው ተሳላሚውን ከቀን ወደ ቀን የሚያሻግረው በመንገዱ ዳር ያለው የገበሬ ቤት መሆኑን ነው።

ስለ ሁለቱ ስፍራዎች

ግሼና ግሸን በስም ስለሚቀራረቡ አንባቢ እንዳያምታታቸው አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ግሼ በሰሜን ሸዋ ከመንዝ በስተሰሜን የሚገኝ ደጋ አገር ሲሆን ዋና ከተማው ራቤል ነው። ግሸን ግን በወሎ በአምባሰል የሚገኝ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው፤ እስከ 16ኛው መቶ ዓመትም የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ስፍራ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ከጌታ መስቀል የቀኝ ክንፉ ለዐፄ ዳዊት ተሰጥቶ፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) በግሸን አኑረውታል። እኒህ ንጉሥ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩ ስለሆኑ ለሰሜን ሸዋ ሰው ስማቸው እንግዳ አይደለም። ዓመታዊው በዓል የሚከበረው መስከረም 21 ቀን ነው።

ስንቅና ጓዝ

ከራቤል በእግሩ የሚሄድ ሰው በወረኢሉና በደሴ በኩል ብዙ ቀን ስለሚጓዝ የመስቀልን በዓል የሚውለው በመንገድ ላይ ነው። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው፤ እነዚህ የተመረጡት ሳይበላሹ ስለሚሰነብቱና በመንገድ ላይ እሳት ማንደድ ስለማያስፈልጋቸው ነው። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ወዲያው ይበላል። ከዚህ ሌላ ለብርዱ ጋቢ ወይም የሱፍ ባና፣ ለዳገቱ ዘንግ፣ ለስለት ጧፍና ዕጣን ይያዛል። ስለት ያለበት ሰው ጃንጥላም ይጨምራል።

የቀኑ አከፋፈል

በሜዳ ቢሆን ጤነኛ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ይህ ደጋ ውሃቸው ወደ ጀማና ወደ ዓባይ በሚወርድ ወንዞች ተቆራርጧል፤ ማዶ ሆኖ የሚታይ መንደር ቁልቁለቱና ዳገቱ ሲቆጠር ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ተሳላሚው ቀኑን የሚያከፋፍለው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሁለት ግዴታዎች ነው።

የመጀመሪያው ወንዝ ነው። በመስከረም ዝናቡ ጨርሶ አልወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለውም ከቀትር በኋላ ነው። ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ቆላው ሳይዘንብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ተሳላሚው ሌሊት በ11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ጸሎቱን አድርሶ፣ ቁልቁለቱን በጧቱ ብርድ ይወርድና ከቀትር በፊት ይሻገራል። ሁለተኛው ወባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በሸለቆው ወባ ስለሚበረታ ደገኛ ሰው እዚያ ማደርን ይፈራል፤ ምንም ቢደክም ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ወጥቶ ደጋ መድረስ አለበት። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ዳገቱን የሚወጣው ስንቁን ሳይፈታ ነው፤ እህል የሚቀምሰው በ9 ሰዓት ነው።

የመሸበት እንግዳ

ማታ ተሳላሚው በማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ፦ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም፦ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበላል። ከቤቱ ልጆች አንዱ ውሃ አምጥቶ የእንግዳውን እግር ያጥባል። ከዚያ የተገኘው ይቀርባል፤ የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ቢኖር ጠላ። መኝታውም መደብ ላይ የተነጠፈ አጎዛ ነው። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ቢሰጥም እንደ ነውር ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ባለቤቱ ከዚህ ምንም ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ጧት እንግዳው ሲነሣ የቤቱ ሰዎች የክርስትና ስማቸውን ነግረው፦ «ስማችንን አሳስቡልን» ይሉታል። ተሳላሚውም ያሳደሩትን ሰዎች ስም ሁሉ በቃሉ ይዞ በቦታው ያስባል፤ ሲመለስም ጸበልና እምነት ያመጣላቸዋል። አርጅቶ ወይም ታሞ መሄድ ያልቻለ ሰው እንግዳ በማሳደሩ ከጉዞው በረከት ተካፋይ ይሆናል። አብነቱም በድንኳኑ ደጃፍ ሥላሴን የተቀበለው አብርሃም ነው።

በስፔን አገር ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው መንገድ በ12ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የመንገድ መምሪያ አለው። ዛሬ ተሳላሚው በየማደሪያው ማኅተም የሚመታበት ደብተር ይይዛል፤ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ መሄዱን ሲያስረዳም የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በእኛ መንገድ የደብተሩን ቦታ የያዘው በቃል የሚጠና የሰዎች ስም ነው።

ይህን ልማድ የሚያሰጉ ነገሮች

የመኸሩ ገብስ በመስከረም ገና በማሳ ላይ ነው። በከፍተኛው ደጋ እንግዳው የሚበላው እንጀራ በሰኔና በሐምሌ ከተሰበሰበው የበልግ እህል የተጋገረ ነው፤ በልጉ የቀረ እንደሆነ እንግዳው የሚደርሰው ጎተራው ሲራቆት ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ልጆቹ ከሚበሉት ቀንሶ ይሰጣል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ያላወቁትን ሰው በምሽት ማስገባት ለአሳዳሪውም ለእንግዳውም የሚያሳስብ ሆኗል። በመኪና የሚጓዘውም ምእመን በዝቷል፤ እርሱ ድካሙ ቢቀልለትም በመንገድ ዳር ያለውን ቤት አያውቀውም፤ ስሙንም ይዞለት አይሄድም።

ስለዚህ ስለ ተሳላሚ መንገዶች የሚያጠና ተማሪ ወንዙንና ዳገቱን በካርታ ላይ ማስፈሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የትኞቹ መንደሮች እንግዳ እንደሚያሳድሩ፣ በልግ በቀረበት ዓመትም እንዴት እንደሚያደርጉ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቆ ቢጽፍ የበለጠ ይጠቅማል።