ሃዲዱን ወደ ለገጣፎ መቀጠል ብቻውን ለምን አይበቃም?

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ሲዘረጋ የምሥራቁ ጫፍ አያት ላይ ቆመ፡፡ ከተማዋ ግን አያት ላይ አልቆመችም፡፡ ማለዳ ከለገጣፎ ወደ መሀል ከተማ የሚመጣ ሠራተኛና ተማሪ በሚኒባስ ታክሲ አያት ድረስ መጥቶ እዚያ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል፡፡ በደቡብ በኩልም መስመሩ ቃሊቲ ላይ ሲያበቃ የቂሊንጦ፣ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከዚያ ወዲያ ቀርተዋል፡፡ በመሆኑም "ሃዲዱን ለምን አይቀጥሉትም?" የሚለው የነዋሪዎች ጥያቄ ተገቢ ነው፡፡

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፡፡ የባቡሩ ግንባታ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ከፈጀው ወጪ 85 በመቶ ያህሉ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው፡፡ 34 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ በምሥራቅ ምዕራብ ሥራ ጀመረ፡፡ ወደ ለገጣፎ፣ ወደ አቃቂና ወደ ሽሮ ሜዳ የሚደረገው ማስፋፊያ ያኔውኑ ለቀጣይ ምዕራፍ የታሰበ ነበር፡፡ በሌላ በኩል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሰፋፊ ሳይቶቹን የሠራው ባዶ መሬት በተገኘበት ማለትም በከተማዋ ዳርቻ ነው፡፡ ቤቱን የሚሠራው አንድ ክፍል፣ ሃዲዱን የሚዘረጋው ሌላ ክፍል ሆነና ሁለቱ በየፊናቸው ሄዱ፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፡፡ አንድ ባቡር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል እንበል፡፡ ተሳፋሪው በየ10 ደቂቃው ባቡር እንዲያገኝ ከተፈለገ 120 ደቂቃ ለ10 ተካፍሎ 12 ባቡሮች በሥራ ላይ መሆን አለባቸው፡፡ መስመሩ ረዝሞ የደርሶ መልስ ጉዞው 24 ደቂቃ ቢጨምር፣ በዚያው በ12 ባቡር በየ10 ደቂቃው የሚመጣው በየ12 ደቂቃው ይሆናል፡፡ ይህ ብዙም አይጎዳም፡፡ በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች አራት ብቻ ከሆኑ ግን በየ30 ደቂቃው የነበረው ወደ 36 ይዘልቃል፡፡ ሃዲድ ሲጨመር ባቡር ካልተጨመረ የማስፋፊያውን ዋጋ የሚከፍለው በነባሮቹ ፌርማታዎች የቆመው ሰው ነው ማለት ነው፡፡

ይህ ስሌት የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ የተገዙት ባቡሮች 41 የነበሩ ሲሆን፣ አገልግሎቱ አሥር ዓመት ሳይሞላው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ቆመው ነበር፡፡ ታሪፉም ሥራው ሲጀመር እንደ ርቀቱ ሁለት፣ አራትና ስድስት ብር ብቻ ነበር፡፡ በዚህ ገቢ በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ ማምጣት እንደማይቻል ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፡፡

የመቀመጫውም ነገር አለ፡፡ ባቡሩ ከለገጣፎ ቢነሳ ቀድሞ የሚሞላው እዚያ ነው፡፡ በሲኤምሲ ወይም በመገናኛ ቆሞ የሚጠብቀው ተሳፋሪ ዛሬ እንደ ምንም ተጋፍቶ የሚገባበት ፉርጎ በሩ ላይ ጭምር ሞልቶ ይመጣበታል፡፡ መፍትሔው አንዳንዶቹን ባቡሮች ከአያት ባዶአቸውን ማስነሳት ነው፡፡ እንደ ዕድል ሆኖ የባቡሮቹ ማደሪያ ዴፖ አንዱ የሚገኘው እዚያው አያት በመሆኑ ይህ በአሠራር ደረጃ አስቸጋሪ አይሆንም፤ ተጨማሪ ባቡር ግን ይጠይቃል፡፡

ከዚህ ሌላ አያትን አልፎ ወደ ለገጣፎ ሲገባ የከተማው ወሰን ያበቃል፡፡ ለገጣፎ ለገዳዲ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለች ስትሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከገላን ጋር በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች፡፡ ኮዬ ፈጬም እንዲሁ በሸገር ሥር ነው፡፡ እንግዲህ መሬቱን የሚያቀርበው፣ ለተነሺዎች ካሳ የሚከፍለው፣ ኪሳራውን የሚሸፍነው ማን ነው? የአዲስ አበባ አስተዳደር በሌላ አስተዳደር መሬት ላይ ለሚኖሩ ተሳፋሪዎች ድጎማ ይከፍላል ወይ? በእኔ ግምት ከሃዲዱ ዋጋ ይልቅ ሥራውን ለዓመታት ሊያቆየው የሚችለው ይህ ጥያቄ ነው፡፡

በደቡብ በኩል ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አማራጭ አለ፡፡ መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጂቡቲ ባቡር ከሰበታ ተነስቶ በፉሪ ለቡ፣ በእንዶዴና በቢሾፍቱ አድርጎ ወደ አዳማ ይዘልቃል፡፡ ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍል ባለ ሁለት ሃዲድ ነው፡፡ የጭነቱ ባቡር በሌለባቸው ሰዓታት ጠዋትና ማታ አጫጭር የሠራተኛ ባቡሮችን ማሰማራት አዲስ መስመር ከመዘርጋት በእጅጉ ይረክሳል፡፡ ተጨማሪ ፌርማታዎች፣ ለጭነት ባቡር መቆያ የሚሆን ጎን ሃዲድና ለአጭር ጉዞ የሚሆኑ ባቡሮች ግን ያስፈልጉታል፡፡

የሁለቱ ባቡሮች የሃዲድ ስፋት አንድ ዓይነት ቢሆንም የቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ቀጥታ ኃይል፣ የጂቡቲው ደግሞ በ25 ሺሕ ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ስለሚሠሩ አንዱ በሌላው ሃዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም፡፡ ስለዚህ ተሳፋሪው አንድ ቦታ ወርዶ መቀየር ይኖርበታል፡፡ ችግሩ የሚቀየርበት ቦታ አለመሠራቱ ነው፡፡ ከአዳማ መጥቶ ፉሪ ለቡ የሚወርድ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ የሚፈልገው ታክሲ ነው፡፡