ሕጉ በማን ዓይን ያያል?

እዚህ ኢስት ዮርክ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ በ2014 የወጣው «ድፍረት» ፊልም ተነሣና ጨዋታው ወደ ክርክር ተለወጠ። «ሰው ገድላ እንዴት በነፃ ትለቀቃለች?» አለ አንዱ። በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አንተ ልጅ፣ በፈረስ ጭነው ወስደውህ ያውቃሉ?» ቢሉት ቤቱ ጸጥ አለ።

ታሪኩን ለማያስታውሱ አንባቢዎቻችን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1996 በአርሲ የ14 ዓመቷ ተማሪ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ጎጆ ውስጥ ተዘግቶባት ተደፈረች። የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ተከታትሎ ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን የሚቀጣው ቢበዛ በ3 ዓመት እስራት ነበር። ተጠላፊዋ ወድዳ አገባችው ከተባለ ደግሞ ክሱ ይቀራል። «ወድዳ» የሚለውን ቃል ሽማግሌ፣ ድህነትና ይሉኝታ እንዴት እንደሚያስገኙት ሁላችንም እናውቃለን። ለጠላፊው የማምለጫ በር ነበረው፤ ለልጅቱ ግን ከጠመንጃው በቀር ምንም አልነበራትም።

በ2005 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋ፤ ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት አድርጎ፣ ጋብቻ ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። ነገር ግን አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጪ» ብሎ ስለሚተረጉመው፣ ባሏ የደፈራት ሚስት በዚህ አንቀጽ ልትከስ አትችልም።

«ይህ የሀገር ቤት ጉዳይ ነው፤ ካናዳ ሌላ ነው» የሚል ካለ አይቸኩል። ካናዳም ሚስትን መድፈር ወንጀል ያደረገችው በ1983 ነው። በ1986 ዊኒፔግ ውስጥ ሊን ላቫሊ የተባለች ሴት፣ ዘወትር ይደበድባት የነበረውና በዚያ ሌሊት እገድልሻለሁ ብሎ የዛተባትን ጓደኛዋን፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከክፍሉ ሲወጣ ተኩሳ ገደለችው። ጀርባውን ለሰጠ ሰው ምን መከላከል አለ? ተባለ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ነፃነቷን አጸናላት። ውሳኔውን የጻፉት የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ በርታ ዊልሰን ነበሩ። እንደ እርሳቸው አባባል፣ ሕጉ «አስተዋይ ሰው» ሲል የኖረው ቡና ቤት ውስጥ የሚደባደቡ ሁለት እኩል ወንዶችን እያሰበ ነው፤ ለዓመታት ስትደበደብ የኖረችን ሴት ግን እርሷ ባለችበት ቦታ ሆኖ ማየት ይገባል።

በቡናው ላይ የተጠየቀውም ይኸው ነበር። አበራሽ በነፃ ብትለቀቅም ወደ ትውልድ መንደሯ መመለስ አልቻለችም። ፍርድ ቤት የፈታትን ማኅበረሰቡ አሰራት።

እኛስ? በየአፓርታማው ሽምግልና ስንቀመጥ «ገመናሽን ሸፍኚ፣ ፖሊስ አትጥሪ» እያልን የምንዘጋው የማንን በር ነው? የካናዳ ሕገ መንግሥት ቋንቋውን ለማይችል ሰው በፍርድ ቤት አስተርጓሚ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ይህን ለእህቶቻችን መንገር ከሽምግልናው ይቅደም። ጠመንጃ እስኪነሣ የሚጠብቅ ዕርቅ ዕርቅ አይደለም።