አንድ ምሽት ይበቃል

ለዚህ እትም አጫጭር እውነተኛ ታሪኮች ላኩልን ከማለታችን በፊት፣ ሰባት ሆነን ፔታህ ቲክቫ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን የራሳችንን ሞከርን። ቡናው በረካ ሳይደርስ አንድ ነገር ታዘብን፤ ሁላችንም የጀመርነው ከጎንደር ነው። የእግር ጉዞው፣ ሱዳን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ዘመቻ ሙሴ፣ ወይም በ1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ያመጣው ዘመቻ ሰሎሞን፣ ከዚያ ዘለን ዩኒቨርሲቲ። አብዛኞቻችን ግን የተወለድነው እዚሁ ነው። ያላየነውን መንገድ እንዳየ ሰው ተርከን፣ ያደግንበትን ቤት በአንድ መስመር አለፍነው።

በሱዳን መንገድ ያለቁት 4,000 ያህል ወገኖቻችን በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ ይታሰባሉ። የእነሱ ታሪክ በአንድ ገጽ አይያዝም። አንድ ገጽ የሚይዘው አንድ ምሽት፣ ሁለት ሰው፣ ጥቂት ንግግር ነው።

ከመካከላችን አንዷ፣ «አባቴ ሳይማር አስተማረኝ፣ ብዙ ተሰቃየ» ብላ ጽፋ ነበር። እውነት ነው፤ ግን የማናችንም አባት ሊሆን ይችላል። «ተሰቃየ ስትዪ፣ ምን ሲያደርጉ አየሽ?» አልናት። ትንሽ አሰብ አድርጋ ይህን ነገረችን።

አራተኛ ክፍል ሳለች በወላጆች ስብሰባ ለአባቷ የምታስተረጉመው እሷው ነበረች። መምህሯ፣ ልጅቷ በንባብ ወደ ኋላ ስለቀረች ወደ ሌላ ክፍል ብትዛወር ይሻላል አለች። ልጅቷ ወደ አባቷ ዞራ፣ «አባ፣ ጎበዝ ናት እያለችህ ነው» አለች። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት» አሉ። ከማግስቱ ጀምሮ በየማታው ከሥራ ሲመለሱ ጠረጴዛው ዘንድ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ «አንብቢልኝ» ይሏት ጀመር። ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም። ስትደናቀፍ ግን ከድምጿ ያውቁና፣ «እሷን ቦታ ድገሚያት» ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ በገባች ሰሞን ውሸቷን ነገረቻቸው። «የመምህሯን ፊት አይቼ ነበር እኮ» አሏት።

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሁላችንም ለወላጆቻችን አስተርጉመናል፤ አንዳንዱንም ሳንተረጉም ቀርተናል።

ብዙዎቻችን በዕብራይስጥ መጻፍ ይቀለናል፤ ይጻፍ። የወላጆቻችን ንግግር ግን በአማርኛው ይቆይ። «አንብቢ» ትእዛዝ ነው፤ «አንብቢልኝ» ሲሉ ግን ልጅቷ ለአባቷ የምትሰጠው ነገር ኖራት። ያቺን «ልኝ» በዕብራይስጥ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ታግለን ተውነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው ካልን ያልሆነውን አንጨምርም። ጓደኛችን መጨረሻው ላይ አባቷን አስለቅሳቸው ነበር። አላለቀሱም፤ ሰረዘችው። ጽሑፉን ስታነብላቸውም፣ «በየማታው አልነበረም፤ የሌሊት ተራ የገባሁ ሳምንት ወንድምሽ ነው የሚቀመጠው» ብለው አረሟት። ወንድምዬው ገባ፣ ታሪኩም ይበልጥ የሰው ቤት መሰለ።

ማንበቡን ግን ለእርማት ብቻ አናድርገው። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን የሰው ታሪክ የባለቤቱ እንደሆነ ደጋግመው ይነግሩናል፤ ይህ ለእናትና አባትም ይሠራል። የቤት ገመና አደባባይ መውጣቱ ለእኛ ድፍረት፣ ለእነሱ እፍረት ሊሆን ይችላል። «ይቅር» ካሉ ይቀራል፤ የቱንም ያህል ቢያምር። እኚህ አባት ፈቀዱ፣ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው፦ «የመምህሯን ስም አታንሺ፤ ልጆች አሏት።»

ስለ አጨራረስም አንድ ነገር እንበል። የከተማችን ስም በዕብራይስጥ «የተስፋ በር» ማለት ስለሆነ፣ ከሰባቱ ጽሑፎች ሦስቱ በተስፋ በር አለቁ። እየሳቅን ሰረዝናቸው። የጓደኛችን ጽሑፍ «አይቼ ነበር እኮ» ላይ ቆመ።

የእናንተን እስከ ሲግድ እንጠብቃለን፤ በአማርኛም፣ በዕብራይስጥም፣ ተደባልቆም ይሆናል።