መልስ የማይጠይቁ ደብዳቤዎች

ድባቴ በርትቶበት ወይም ሕይወቱን ለማጥፋት አስቦ ሆስፒታል የገባ ሰው፣ ከወጣ በኋላ “ክትትል አልፈልግም” ካለ ምን ይደረጋል? ሐኪም አላይም ያለን ሰው በየቤቱ እየሄዱ በግድ ማከም አይቻልም። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት ሳምንታትና ወራት ደግሞ አደጋው የሚበረታባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ ይሠሩ የነበሩትን የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ጄሮም ሞቶን ያስጨንቃቸው የነበረው ይኸው ጥያቄ ነው።

መልሱን ያገኙት ከሕክምና መጽሐፍ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆነው ከአገራቸው ርቀው ሳሉ አንዲት ወጣት ደብዳቤ ትጽፍላቸው ነበር። ለምን አልመለስክልኝም ብላ አትቀየምም፤ ምንም አትጠይቅም፤ ዝም ብላ ትጽፋለች። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ እያሰበኝ ነው የሚለው ስሜት ምን ያህል እንዳጸናቸው ከዓመታት በኋላም አልረሱትም። ታዲያ ያንኑ ለሕሙማኑ ቢያደርጉትስ?

በከተማዋ ሆስፒታሎች ተኝተው ከታከሙ 3,005 ሰዎች መካከል ክትትሉን ያልፈለጉ ወይም ያቋረጡ 843 ነበሩ። ዶክተር ጄሮምና ባልደረቦቻቸው እነዚህን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን ምንም አልተላከለትም። ለሌላው ግን ሆስፒታል ሳለ ያነጋገረው ባለሙያ ይጽፍለት ጀመር። ደብዳቤው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ቀጠሮ የለበትም፣ ምክር የለበትም፣ መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው ወይ የሚል ጥያቄ የለበትም። እንደምን ከረሙ፣ ደህና ነዎት ብለን ተስፋ እናደርጋለን፣ ሊጽፉልን ቢፈልጉ ደስ ይለናል፤ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። የአንዱ ደብዳቤ ቃል ከሌላው ይለያል። ሕመምተኛው መልስ ከጻፈ ደግሞ የሚቀጥለው ደብዳቤ እሱ ላነሣው ጉዳይ መልስ ይዞ ይመጣል። ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ ለስምንት ወር በየሁለት ወሩ፣ ቀጥሎም ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ተላከ። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው የሚደርሰው 24 ደብዳቤ መሆኑ ነው።

የመጨረሻው ውጤት የታተመው በ2001 ነው። በአምስቱም ዓመታት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ከነበሩት መካከል ሕይወታቸውን ያጠፉት፣ ምንም ካልተላከላቸው ያነሱ ነበሩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ማለትም አደጋው በሚከፋበት ጊዜ ነው። ደብዳቤው ከቆመ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ በ14ኛው ዓመት ጠፋ። ራስን በማጥፋት የሚደርስን ሞት ሲቀንስ በእንዲህ ዓይነት የዕጣ ሙከራ የታየ የመጀመሪያው ዘዴ ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። የወጣው ወጪ ወረቀት፣ ቴምብርና የሚጽፍ ሰው ነው።

አንድ ጥናት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሌሎችም ሞክረውታል። በአውስትራሊያዋ ኒውካስል ከተማ ራሳቸውን መርዘው ለነበሩ 772 ሰዎች በተደረገው ሙከራ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ፖስትካርድ የደረሳቸው ሰዎች ድርጊቱን የደገሙበት ብዛት በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ቴህራን ውስጥ በ2,300 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራም ጥሩ ውጤት አሳየ። በኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ደብዳቤ ሁሉን ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ መድኃኒትና ሐኪም ለሚያስፈልገው ሰው ደግ ቃል ብቻ ሰጥቶ መሸኘትም ጭካኔ ነው። ጦርነትን፣ የኑሮ ውድነትን፣ መፈናቀልን የሚያቆም ፖስትካርድም የለም። ነገር ግን የዓለም ችግር ከአቅማችን በላይ ነው ብለን እጃችንን ስናጣጥፍ፣ በአቅማችን ልክ የሆነውንም አብረን እንደምንተው ልብ ሊባል ይገባል።

ለምን እንተወዋለን? ስለ ደግነት የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ስለ ደስታ ሆርሞኖች ያወራሉ። እኔ ይበልጥ የሚጠቅመን የአሚት ኩማርና የኒኮላስ ኤፕሊ ሥራ ይመስለኛል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በብርድ ቀን ቺካጎ ወደሚገኘው የማጊ ዴሊ መናፈሻ ሄዱ። በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ለመጡ ሰዎች ትኩስ ቸኮሌት እየሰጡ፣ ራሳቸው እንዲጠጡት ወይም ለማያውቁት ሰው እንዲሰጡት ምርጫ አቀረቡላቸው። የሰጡትን፣ ተቀባዩ ምን ያህል ደስ የሚለው ይመስላችኋል ብለው ጠየቁ፤ ተቀባዮቹን ደግሞ ምን ያህል ደስ አላችሁ አሏቸው። ሰጪዎቹ አሳንሰው ገመቱ። በሌሎች ሙከራዎችም ያው ሆነ።

ምክንያቱን ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ቀላል ነው። ሰጪው የሚያየው ዕቃውን ነው፤ አንድ ኩባያ ቸኮሌት ምን አላት? ተቀባዩ ግን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን “አስቦኝ ነው” የሚለውንም አብሮ ይቀበላል። ያንኑ ነገር እንዲሁ ከአጥኚዎቹ እጅ ያገኘ ሰው የዚያን ያህል ደስ አላለውም። ከማያውቁት ሰው ደግነት የተደረገላቸው ደግሞ ቀጥሎ በተሰጣቸው ጨዋታ ገንዘብ ሲያካፍሉ ለሌላ ለማያውቁት ሰው ይበልጥ ቸር ሆነው ተገኙ። ሰጪዎቹ ይህንንም አልገመቱም። “ምን ይጠቅማል” የሚለው ስሌታችን ከሥሩ የተሳሳተው ዕቃውን መዝኖ ልቡን ሳይመዝን ስለሚቀር ነው።

ሌላው ምክንያት ጥድፊያ ነው። በ1973 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በአሜሪካ የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያቀርቡ ወደ ሌላ ሕንፃ ላካቸው። ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ኩርምት ብሎ ያስላል፣ ያቃስታል። ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው 63 ከመቶዎቹ ረዱት፤ ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ ከተባሉት ግን 10 ከመቶ ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ለመናገር መዘጋጀታቸው ያመጣው ጉልህ ለውጥ የለም። ልባቸው ክፉ ስለነበር አይደለም፤ ችኮላው ዓይናቸውን ስለጋረደው ነው።

እኛ ዘንድ ከጥድፊያውም የሚከፋ ሌላ እንቅፋት አለ፤ እሱም ይሉኝታ ነው። እህቷ ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ሴት፣ ስትደውል ገንዘብ ፈልጋ እንዳይመስልባት ትተወዋለች። እዚያ ያለችውም ደመወዝ ሳይከፈላት ሲቀር “ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል” ትላለች። ዋሽንግተን ያለው ወንድም ደግሞ ለለቅሶ ሳይደርስ ስለቀረ አፍሮ ድምፁን ያጠፋል። ወራት ያልፋሉ፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር እፍረቱም ይጨምራል። እያንዳንዱ ያኛው ረስቶኛል ይላል።

ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ በ2022 ያሳተሙት፣ 5,900 ገደማ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እዚሁ ላይ ያተኮረ ነው። ለጠፋ ወዳጃቸው አጭር መልእክት ወይም ትንሽ ስጦታ የላኩ ሰዎች፣ ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው እንዲገምቱ ተጠየቁ። እነሱም አሳነሱት። ጥናቱ ምክንያቱንም ይነግረናል፦ ተቀባዩ ይበልጥ የሚያስተውለው መልእክቱ ድንገት፣ ሳይጠበቅ መምጣቱን ነው፤ ድንገተኛነቱ በጨመረ ቁጥር ደስታውም ይጨምራል። ላኪው ይህ አይታየውም። “ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ አሁን ምን ብዬ” የምንለው፣ ለመደወል ይበልጥ ምክንያት በሆነን ሰዓት ነው። ሲደውሉም ገንዘብም ሆነ ይቅርታ ማዘጋጀት የግድ አይደለም፤ ጥናቱ የለካው እንዲሁ የተላከ “እንደምን አለሽ፣ አስቤሽ ነው” የሚል ዓይነት ሰላምታን ነው።