ስለ ግዙፉ ሞሬይ ምን ያህል ታውቃላችሁ?

የዛሬውን ጽሑፌን በእንቆቅልሽ ልጀምር።

እንቆቅልህ? ምን አውቅልህ! እባብ ይመስላል፣ እባብ አይደለም። ዓሣ ነው፣ ቅርፊት የለውም። ጥርስ ያለው መንጋጋ አፉ ላይም አለው፣ ጉሮሮው ውስጥም አለው። ምንድን ነው?

አላወቃችሁም? እንግዲያው አገር ስጡኝ! ሐዋሳን ሰጣችሁኝ እንበል። መልሱ ግዙፉ ሞሬይ የሚባል የባሕር ዓሣ ነው።

እኔ ይህን ዓሣ መጀመሪያ ያየሁት በቪዲዮ ነው። ከድንጋይ ቀዳዳ ብቅ ብሎ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። “ሊናከስ ነው!” ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ ሳነብ ግን እየተነፈሰ እንደነበር ገባኝ። ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥቡ መሆኑን በሳይንስ ትምህርት ተምረናል። ሞሬይም አፉን የሚከፍተውና የሚዘጋው ውሃ ወደ ስንጥቡ ለመግፋት ነው። እኔ ቁጣ የመሰለኝ ነገር ለካ ትንፋሽ ነው!

ግዙፉ ሞሬይ ርዝመቱ እስከ 3 ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ እስከ 30 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። መልኩ ቡናማ ሆኖ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። በጎንና በጎን ክንፍ የለውም። ቆዳው በሚያንሸራትት ዝልግልግ ነገር የተሸፈነ ስለሆነ ሻካራ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ አይላጥም። የሚኖረው ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ጀምሮ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ድረስ ነው። ቤቱ የኮራል ዋሻ ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ በጣም ትናንሽ እንስሳት ለብዙ ዘመን የገነቡት ነው።

አሁን ወደ ጉሮሮው መንጋጋ እንምጣ። ብዙ ዓሦች ምግባቸውን የሚውጡት አፋቸውን በድንገት አስፍተው ከውሃው ጋር በመሳብ ነው። ሞሬይ ግን ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱን ማስፋት አይመቸውም። ታዲያ ምን ያድርግ? በፊተኛው መንጋጋ ይነክሳል፤ ከዚያ ሁለተኛው መንጋጋ ከጉሮሮው ወደፊት ተስቦ መጥቶ የተያዘውን ዓሣ ጎትቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የሞሬይ ዘሮች በዚህ ዓይነት እንደሚውጡ ሪታ ሜታና ፒተር ዌይንራይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን አደኑ ነው። በግብፅ፣ በቀይ ባሕር ዳር ራስ መሐመድ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሬዱዋን ብሻሪ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እዚያ ያየውን በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ነገሩ እንዲህ ነው። ግሩፐር የሚባል ትልቅ ዓሣ ቀን ቀን በገላጣ ውሃ ውስጥ ያድናል። የሚያሳድዳት ትንሽ ዓሣ ስንጥቅ ውስጥ ከገባች እሱ ወፍራም ስለሆነ መግባት አይችልም። ያኔ ሞሬይ ወደሚያርፍበት ቀዳዳ ይሄድና ፊቱ ቆሞ ጭንቅላቱን ቶሎ ቶሎ ይነቀንቃል። “ና፣ እንሂድ” እንደማለት ነው። ሞሬይም ብዙ ጊዜ ወጥቶ ይከተለዋል። ሞሬይ በስንጥቁ ይገባል፣ ግሩፐር ውጭ ይጠብቃል። ዓሣዋ ብትቀር አንዱ፣ ብትወጣ ሌላው ይውጣታል። የያዘው ብቻውን ነው የሚበላው፣ ሁለቱም ግን ብቻቸውን ከሚያድኑ ይልቅ አብረው ሲሆኑ ይጠቀማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለካ ባሕር ውስጥም ይሠራል!

ይህን ሁሉ ለክበባችን ልጆች ስነግራቸው አንዷ ጓደኛዬ “ይሄ ዓሣ ሊጠፋ ነው እንዴ?” አለችኝ። “አይ፣ አልጠፋም” አልኳት። “ታዲያ ምን ያደርጋል? ስለ ቀይ ቀበሮ ብትጽፊ አይሻልም?” አለች። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀይ መዝገብ የሚባል ዝርዝር አለው። እዚያ ላይ ፍጥረታት እንደ ሥጋታቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል። ከቀላሉ ስንጀምር፦ ብዙም የማያሳስብ፣ ለሥጋት የቀረበ፣ ተጋላጭ፣ ለመጥፋት የተቃረበ፣ እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ፣ በዱር የጠፋ፣ በመጨረሻም ጨርሶ የጠፋ። የእኛው ቀይ ቀበሮ አዋቂዎቹ ከ500 በታች ስለሆኑ “ለመጥፋት የተቃረበ” ተብሏል። ግዙፉ ሞሬይ ግን “ብዙም የማያሳስብ” ከሚለው ረድፍ ውስጥ ነው። ምክንያቱም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሁለት ውቅያኖሶች ተበትኖ ይኖራል።

ቤት ሄጄ ሳስብበት ግን መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። “ብዙም አያሳስብም” ማለት “ምንም አይነካውም” ማለት አይደለም። ዛሬ ዓሣው በዓለም ላይ በብዛት አለ ማለት ብቻ ነው። ቤቱስ? የኮራል ዋሻዎች ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍኑም፤ ግን ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ የሚኖሩት በእነሱ ነው። ኮራል በሰውነቱ ውስጥ በጣም ጥቃቅን አልጌዎች ያኖራል፤ እነሱም ምግብ ይሠሩለታል። ባሕሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፣ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም በረሃብ ይሞታል። በ2024 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር የዓለም ኮራሎች ለአራተኛ ጊዜ በብዙ አገር በአንድ ጊዜ እየነጡ መሆኑ በይፋ ተነግሯል። የኮራሉ ዋሻ ከፈረሰ ሞሬይ የት ይደበቃል? ግሩፐርስ ማንን ይጠራል?

ስለዚህ ለጓደኛዬ የሰጠኋት መልስ ይህ ነው። ስለ ቀይ ቀበሮ መጻፍ አለብን፣ ግን ስለ አንድ እንስሳ ለማወቅ 500 እስኪቀር መጠበቅ የለብንም። አለበለዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። በየሰፈራችን “ሞልቷል እኮ” የምንለው ወፍና ዛፍም እንደዚያው ነው።

ጓደኛዬም ሰምታ “እሺ፣ የሚቀጥለውን የቀይ ቀበሮውን እኔ እጽፋለሁ” ብላለች። ሁላችሁም ምስክር ሁኑ! ሐዋሳንም መልሼላችኋለሁ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።