ብሎኑ የየት አገር ነው?

ከቃሊቲና ከአቃቂ አልፎ ወደ ዱከም የሚወርደው አውራ ጎዳና ገላንን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ግራና ቀኙ ፋብሪካ ነው፤ በፋብሪካዎቹ መሀል ደግሞ የከባድ መኪና ጋራዦች፣ የብየዳና የቶርኖ ቤቶች ተሰግስገዋል። የጅቡቲ ጭነት መስመርም ይኸው ስለሆነ አንድ የገላን ቶርኖ ቤት ጠዋት የቻይና ሲኖትራክ ዕቃ፣ ከሰዓት የጃፓን አይሱዙ፣ በማግሥቱ ደግሞ ከአውሮፓ አሮጌ ሆኖ የተገዛ የፋብሪካ ማሽን ቢመጣበት አይገረምም።

ማሽኑ ሲፈታ አንድ ብሎን ይሰበራል፣ ወይም ዳዶው ይጠፋል። ናሙናው በኪስ ተይዞ ወደ ሱቅ ይኬዳል። ሻጩ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያየውና «ይሄማ ስምንት ነው» ይላል። ስምንት ቁጥር ዳዶ ይሞከራል፤ አንድ ሁለት ዙር ሰተት ብሎ ይገባና ቀጥ ይላል። «ዘይት ቀባ አድርገህ በቁልፍ ግፋው፤ ይገባል» የምትለዋ ምክር የምትመጣው ያን ጊዜ ነው። መግባቱንስ ይገባል፤ የሚገባው ግን ጥርሱን እየበላ ነው። እንዲህ የገባ ዳዶ የጠበቀ መስሎ ይቀመጥና ማሽኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይለቃል።

እንዲህ ያለው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ብርቅ ነገር አይደለም። በሌላ አገር የልኬት ሥርዓት የተሠራ ተራ ብሎን ነው። የትኛው ሥርዓት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ካሊፐርና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

ሦስቱ ልኬቶች

መጀመሪያ የሚለካው ውፍረቱ ነው። ካሊፐሩ በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ አዲስ የሚለካ ሰው ግራ የሚጋባው ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ስለማይመጣለት ነው፤ ስምንት ሚሊሜትር የሚባለው ብሎን ሲለካ ከ8 ትንሽ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፣ 7.9 ገደማ። ዳዶው እንዲገባ ሆን ተብሎ የተቀነሰ ነው።

ሁለተኛው ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። አንዱን ጥርስ ብቻ መለካት ስለሚያሳስት አሥር ይቆጠራል፤ ከመጀመሪያው ጥርስ ጫፍ እስከ 11ኛው ጥርስ ጫፍ ያለው ርዝመት ተለክቶ ለ10 ይካፈላል። በሱቁ ዳዶ አልገባ ያለው ብሎን ምስጢሩ የሚገለጠው እዚህ ነው። የተለመደው ስምንት ቁጥር ሜትሪክ ብሎን በጥርሶቹ መሀል 1.25 ሚሊሜትር አለው፤ አሥሩ 12.5 ይመጣል። ናሙናው ግን 14.1 ከሰጠ ብሎኑ የኢንች ነው፦ ውፍረቱ ከ16 የኢንች ክፍል አምስቱ፣ ጥርሱም በአንድ ኢንች ውስጥ 18። ይህ ብሎን በሚሊሜትር ሲመነዘር 7.94 ስለሆነ በውፍረት ከስምንት ቁጥር መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ የአሜሪካው ዓይነት ጭንቅላቱ 12.7 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው 13 ቁልፍ ይይዘዋል፤ የሜትሪኩ ስምንት ቁጥርም የተለመደው ቁልፉ 13 ነው። ውፍረቱም ቁልፉም አንድ፣ ጥርሱ ግን ሌላ።

ካሊፐር በሌለበት ቀላሉ ዘዴ ልኩ የሚታወቅ ብሎን ማምጣትና ሁለቱን ጎን ለጎን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሞ ወደ ብርሃን መያዝ ነው። ጥርሶቹ ከዳር እስከ ዳር ተጋጥመው ብርሃን ካላሳለፉ ርቀታቸው አንድ ነው። መሀል ላይ መንሳፈፍ ከጀመሩ ዳዶ መሞከሩም አያስፈልግም።

ሦስተኛው የጥርሱ ማዕዘን ነው። ሜትሪኩና የአሜሪካው 60 ዲግሪ፣ የድሮው የእንግሊዝ ደግሞ 55 ዲግሪ ነው። ይህን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ቅጠል ቅጠል ሆኖ የተሠራው የጥርስ ጌጅ ግን ወዲያው ያሳያል። ግማሽ ኢንች ብሎን ላይ ከሆነ ጌጁም ላያስፈልግ ይችላል፤ የእንግሊዙ በአንድ ኢንች 12 ጥርስ፣ የአሜሪካው 13 ስላለው አሥሩ ሲለካ አንዱ 21.2፣ ሌላው 19.5 ሚሊሜትር ይሆናል።

ቀጥሎ የመዞሪያ አቅጣጫውን ማየት ነው። አንዳንድ ብሎን ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ነው፤ የብስክሌት ግራ ፔዳል አንዱ ነው። በቀድሞዎቹ ቀላል የአይሱዙ ጭነት መኪኖች የግራ ጎማ ብሎኖች ላይም ይኸው አለ። ይህን ያላወቀ ሰው እፈታለሁ ብሎ ሲያጠብቅ ይውልና ብሎኑን ይሰብረዋል።

ይህ ሁሉ ዓይነት ከየት መጣ?

በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱን ጥርስ ሲያወጣ ኖሮ ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል መሐንዲስ በ1841 እ.ኤ.አ. የየወርክሾፑን ብሎን ሰብስቦ አንድ ወጥ መለኪያ አቀረበ፤ የ55 ዲግሪው እሱ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 እ.ኤ.አ. ለማውጣት የሚቀለውን የ60 ዲግሪ ጥርስ ይዞ መጣ። የአህጉረ አውሮፓ አገሮች ደግሞ በ1898 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ ተሰብስበው በሚሊሜትር የሚለካውን ተስማሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካና የእንግሊዝ መሣሪያዎች ብሎን መለዋወጥ አቅቷቸው ስለነበር፣ ሁለቱ አገሮች ከካናዳ ጋር ሆነው በ1948 እ.ኤ.አ. አንድ የጋራ የኢንች ሥርዓት አጸደቁ።

ኢትዮጵያ ብሎኑን የተቀበለችው ከማሽኑ ጋር ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የመጣው ፖለቲካው ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ ሁሉ ነው። የጣሊያን ፊያትና ላንቺያ ሜትሪኩን አመጡ። ከነፃነት በኋላ የእንግሊዝ ቤድፎርድና ላንድሮቨር ኢንቹን አስከተሉ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአሜሪካውያን ባለሙያዎች ረዳትነት ሲቋቋም የአሜሪካ የመንገድ ማሽን ከነብሎኑ ገባ። በደርግ ጊዜ የሶቪየት መኪኖችና ናዝሬት ላይ የሚገጣጠሙት የቤላሩስ ትራክተሮች መጡ። አሁን የጃፓንና የቻይናው በዝቷል። ገላን ራሷ ለዚህ ምስክር ናት፤ የድሮው የጅቡቲ ባቡር በአካባቢዋ የሄደው በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ነበር፤ የአሁኑ የሚሄደው በ1.435 ሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም።

ስለዚህ ልኬት ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ማንበብ ግማሽ መልስ ነው። ጃፓን ከሆነ ሜትሪክ ነው፤ ነገር ግን አሥር ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ደቀቅ ያለው የ1.25 ጥርስ ነው፣ የተለመደው 1.5 አይገባበትም፤ ጭንቅላቱም በ14 ቁልፍ ይፈታል። ያው አሥር ቁጥር በድሮው የጀርመን ደረጃ 17፣ በአሁኑ ዓለም አቀፍ ደረጃ 16 ቁልፍ ነው። ብሎንን በቁልፉ ቁጥር የመጥራት ልማድ ሰውን የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

የቧንቧ ጥርስ ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የቧንቧ መገጣጠሚያ በካሊፐር ሲለካ 21 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ግማሹ ኢንች ድሮ የቧንቧውን ውስጥ የሚገልጽ ቁጥር ነበር። የእንግሊዙም የአሜሪካውም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው አንዱ በሌላው ላይ ይጠብቃል፤ ማዕዘናቸው ግን ስለሚለያይ ግፊት ሲመጣ ያፈስሳል።

ጥርስ የሌላቸው

ማሽን የሚያያዘው በብሎን ብቻ አይደለም። ከሳሳ የብረት ሉህ ተጠቅልሎ የተሠራ ውስጡ ባዶ ፒን አለ፤ ተመትቶ ሲገባ ራሱን ወደ ውጭ እየገፋ ይይዛል። በዘንግ ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሁለት ጆሮ ያለው የቀለበት መቆለፊያም አለ፤ በራሱ ፒንሳ ካልሆነ አይወጣም። በጣም የሚያስቸግረው እየቀጠነ የሚሄደው ፒን ነው፤ የሜትሪኩ በየ50 ሚሊሜትሩ አንድ፣ የኢንቹ በየ48ቱ አንድ ይቀጥናል። በዓይን አይለዩም፤ ሁለቱም ከቀጭኑ ጫፍ ካልተመቱ አይወጡም። ስለዚህ መዶሻ ከማንሳት በፊት ሁለቱን ጫፎች መለካት ግድ ነው።

ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈው

ልኩ ከታወቀ በኋላ ጥንካሬው ይቀራል። በሜትሪክ ብሎን ጭንቅላት ላይ 8.8 ተብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ሲባዛ ብሎኑ የሚበጠስበትን ኃይል በሚሊሜትር ካሬ በኒውተን ይነግራል፤ 800። ሁለተኛው ቁጥር ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው ላይ ሲደርስ ብሎኑ ተለጥጦ እንደማይመለስ ይናገራል። ወደ ኪሎ ሲመነዘር አሥር ቁጥር 8.8 ብሎን ወደ 4.7 ቶን ሲጎተት ይበጠሳል፤ ያው ልክ 4.6 ከሆነ 2.4 ቶን ላይ ያበቃለታል። ዓይን ሁለቱን አይለያቸውም። አሜሪካኖቹ በቁጥር ፋንታ ጭረት ይጠቀማሉ፤ ሦስት ጭረት ወደ 8.8፣ ስድስት ጭረት ወደ 10.9 ይጠጋል። ምንም ያልተጻፈበትን ዝቅተኛ አድርጎ መቁጠር ይሻላል።

ጠንካራው ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት ግን አይደለም። በእርሻ መሣሪያና በአንዳንድ ማጓጓዣ ማሽን ላይ ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ብሎን አለ፤ ማሽኑ ድንጋይ ሲነክስ እሱ ተሰብሮ ማርሹን ያተርፋል። እሱን በ10.9 የተካ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚገዛው ማርሽ ነው።

የት ይገኛል?

ሜትሪክ ሆኖ የተለመደ ጥርስ ያለው እዚያው ገላን ሱቅ ይገኛል። የመኪና ከሆነ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይሻላል፤ ደቃቅ ጥርስ ያለውን የጃፓን ብሎን የሚያውቁት የመኪና መለዋወጫ ሻጮች ናቸው። የኢንችና የድሮ ማሽን ከሆነ ወደዚያው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ጎራ ማለት ነው፤ ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡት ብረት እዚያ ስለሚደርስ ከፈረሰ የእንግሊዝ ማሽን የወጣ ብሎን ሊገኝ ይችላል። ያገለገለ ብሎን ግን አንገቱ የቀጠነ ወይም ጥርሱ የተለጠጠ እንደሆነ በካሊፐር ሳይታይ መሪና ፍሬን ላይ አይገባም። ለገበያ ሲወጣ ብሎኑን ብቻ መያዝ አይበቃም፤ ዳዶው ወይም የሚገባበት ክፍል ካለ አብሮ ይያዛል። ፎቶ የሚላክ ከሆነም ከማስመሪያ ጎን ይነሣ።

ካልተገኘ ቶርኖ አለ። ጥሩ ባለሙያ የትኛውንም ጥርስ ያወጣል፤ በኢንች የተሠራ አሮጌ ቶርኖ እንኳ 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ከተገጠመለት ትክክለኛ ሜትሪክ ይቆርጣል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ አምስት ኢንች ልክ 127 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የማርሹ ቁጥር ምንጩ ይኸው ነው። ጥያቄው ብረቱ ምን እንደሆነ ነው። ከሕንፃ ፌሮ የተቆረጠ ብሎን መከለያ ቢያስር ችግር የለውም፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ቢያስር ግን አደጋ ነው። የፋብሪካ ብሎን ጥርሱ ተጨፍልቆ የወጣ እንጂ ተቆርጦ ስላልሆነ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥን የበለጠ ይችላል። ሸክም ላለበት ቦታ ሌላው አማራጭ ቀዳዳውን አስፍቶ ሜትሪክ ጥርስ ማውጣትና ደረጃው የተጻፈበት ብሎን መግዛት ነው። የብሎኑን ልክ መለወጥ ካልተፈለገና ልኩ የሚገኝ ከሆነ፣ ሄሊኮይል በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ከማይዝግ ሽቦ የተጠመጠመ ጥርስ የተበላውን ይተካል።

ይህ ሁሉ ድካም አንድ ጊዜ ብቻ መሆን አለበት። ልኩ ከተገኘ በኋላ ውፍረቱ፣ የጥርሱ ርቀትና ደረጃው በማይለቅ ቀለም ማሽኑ አካል ላይ፣ ከብሎኑ አጠገብ ይጻፍ። ቀዳዳው ወደ ሜትሪክ ከተለወጠ ደግሞ ይህ የግድ ነው፤ ሰሌዳውን አንብቦ ኢንች ፍለጋ መርካቶ የሚወርደው ቀጣዩ ባለሙያ ትክክለኛውን መንገድ ተከትሎ ይሳሳታልና።